የዕውቀት ማዕድ፤ ከመሬት በዕድሜ የሚበልጥ ድንጋይ

በሌሊት ሰማዩን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ብርሃን ሕዝባችን ተወርዋሪ ኮከብ ይለዋል። ነገሩ ግን ኮከብ አይደለም፤ በጠፈር የሚዞር ድንጋይ ወይም ትቢያ ወደ አየራችን በታላቅ ፍጥነት ሲገባ የሚያበራው ነው። አብዛኛው እዚያው ተቃጥሎ ያልቃል። አልፎ አልፎ ከመሬት የሚደርስም አለ፤ ይህም ሚቲዮራይት ይባላል።

የካቲት 1 ቀን 1961 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1969) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በሰሜን ሜክሲኮ፣ በቺዋዋ ግዛት ታላቅ የእሳት ኳስ ታየ፤ ፈንድቶም በሰፊው አገር ላይ ድንጋይ አዘነበ። በአቅራቢያው ባለችው መንደር ስም አዬንዴ የተባለው ይህ ድንጋይ ተለቅሞ ከ2 ቶን በላይ ሆነ። ጊዜውም የተመቸ ነበር፤ ሰው በጨረቃ ላይ ሊወርድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነውና፣ የጨረቃን ድንጋይ ለመመርመር መሣሪያቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁ የነበሩ ሊቃውንት አስቀድመው ይህን አገኙ።

እንግዲህ ድንጋዩን በእጃችን እንደያዝነው አድርገን እንመልከተው። ላዩን የሸፈነው ስስ ጥቁር ቅርፊት ነው፤ ይህም በአየር ውስጥ ሲወርድ ቀልጦ የረጋው ክፍል ነው። ቅርፊቱ እጅግ ስስ መሆኑ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ ያስረዳል። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ጠቆር ያለ ግራጫ ሲሆን፣ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታዩበታል።

አንደኛው ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይተልቅ፣ ክብ ክብ ጠጠር ነው፤ ኮንድሩል ይባላል። በጠፈር ሳለ ቀልጦ እንደ ጠብታ የረጋ ነው። በይበልጥ የተሠራውም ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ከሚባሉት ማዕድናት ነው። ሁለተኛው ቅርጹ ያልተስተካከለ ነጭ ቁራጭ ሲሆን፣ ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛበት ነው። ሦስተኛው ሁሉንም እንደ ጭቃ ያያዘው፣ ጥቂት ካርቦን ያለበት ጥቁር ደቃቅ ነገር ነው።

ከሦስቱ ነጩ እጅግ ይደነቃል። ፀሐይ ገና ስትወለድ በዙሪያዋ የነበረው ትኩስ ጋዝ ሲበርድ፣ አስቀድመው የሚረጉት ካልሲየምና አሉሚኒየም ያለባቸው ማዕድናት ናቸው። ዩራኒየም በታወቀ ልክ ወደ እርሳስነት ስለሚለወጥ፣ ሊቃውንት የሁለቱን መጠን ለክተው የነጩ ቁራጭ ዕድሜ 4,567 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን ደርሰውበታል። ምድራችን የተሠራችው ከዚያ በኋላ ነው። የምድር የመጀመሪያው ድንጋይ ግን በሙቀት ቀልጦ፣ በውሃ ታጥቦ መልኩ ተለውጧል። ስለዚህ የጥንቱ መዝገብ ሳይፋቅ የቆየው በእንዲህ ያለው ድንጋይ ዘንድ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንደ ወንፊት የተበሳሳ ከሆነ ምናልባት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ብዙዎቹ ድንጋያማ ሚቲዮራይቶች የብረትና የኒኬል ቅንጣት ስላለባቸው ማግኔት ይስባቸዋል፤ ይህ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የሚያጠራጥር ድንጋይ ያገኘ ሰው አይስበረው፣ አይጠበውም፤ ስፍራውንና ቀኑን ጽፎ፣ በንጹሕ ነገር ጠቅልሎ፣ የሥነ ምድር ትምህርት ላለው ሰው ያሳይ። በመዶሻና በሳሙና የጠፋውን ማስረጃ ማንም ሊቅ አይመልሰውምና።