ከሸክሙ ኋላ
ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚያልፉትን እናቶች የማያውቅ የለም። ሰሞኑን እኔን የያዘኝ ግን ከአንዷ ኋላ የሚከተለው ውሻ ነው። ሴትየዋ ሸክሟን ከመንገድ ዳር ካብ ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ እሱ ፊቱን ወደ ጫካው አዙሮ ይተኛል፤ አንድ ጆሮው እንደቆመ። ገመዱን ደረቷ ላይ ስታጠብቅ ብድግ ይላል፤ መጥራት የለ፣ ማፏጨት የለ። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንላለን፣ ታማኝነቱን ሁሉ የፍርፋሪ ብድር አድርገን። እኔ አይዋጥልኝም። እንጨት ሸጣ ልጆቿን የምታበላ ሴት ለውሻ ምን ይተርፋታል? ነገሩ በሆድ ቢሆንማ ሥጋ ቤት ደጃፍ በቀረ ነበር። የጃንሆይ ውሻ ሉሉ እስከ ዛሬ በስም ይነሳል፤ ቤተ መንግሥት ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ታማኝ መሆን ግን ብዙም አይከብድም። የእንጦጦው ውሻ ግን፣ እመቤቱ ኪዳነ ምሕረትን ልትሳለም ስትገባ እንኳ ከቅጽሩ ውጭ ይቀራል (ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ምን እንደሚደርስባት ሳያውቅ አይቀርም)። እኛ ደግሞ ውሻ ትዝ የሚለን ሲነክሰን ነው፤ ያኔ ለክትባት ወደ ጉለሌው ፓስተር እንሮጣለን። በዓመት አንዴ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አስወጉት ስንባል ግን “ለውሻ ደግሞ!” እንላለን፤ ማታ ጅብ ሲመጣ አጥሩ ሥር እንዲቆምልን እየጠበቅን።