መኪናው ሲሸጥ ደብተሩ የት ይቀራል?

በመኪና ገበያችን ገዢ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ሞዴሉ የስንት ነው? ሊብሬው ንጹሕ ነው? ቦሎ ተለጥፏል? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ደላላውም ለእያንዳንዱ መልስ አያጣም። ኪሎ ሜትሩ በባለሙያ እጅ ወደ ኋላ እንደሚመለስ እያወቅን እንኳ እንጠይቃለን። በስንት ኪሎ ሜትርና በስንት ወር ምን እንደሚቀየር የሚናገረውን የሰርቪስ ፕሮግራም ግን ገዢ አይጠይቅም፤ ሻጭም አያነሣውም። ደብተሩ ዱባይ ይቅር፣ ጅቡቲ ይቅር፣ የሚያውቅ የለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ደብተሩ የዕቃው አካል ነው። ያለ እርሱ የሚሸጥ መኪና ጎዶሎ ዕቃ ነውና ዋጋውም ሊጎድል ይገባል።

አዲስ አበባ ላለ ባለመኪና ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ወኪሉ ጋራዥ ቅርብ ነው፣ ሶማሌ ተራም እዚያው ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደባርቅ፣ ወይም ከዚያ ወዲህ ዳባት ላይ ላለ ባለሀብት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ባለመኪናው ራሱ፣ ቢበዛ ከሰፈሩ መካኒክ ጋር ሆኖ፣ መኪናውን ሰርቪስ ያደርጋል። የአካባቢው መካኒክ ችሎታ ያንሰዋል ማለታችን አይደለም። የድሮውን ላንድክሩዘርና አይሱዙ ዐይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥማል። የዛሬው መኪና ግን በጆሮና በልምድ ብቻ አይያዝም። አንዱ ሞተር በቺንጊያ ይሠራል፤ ቺንጊያው በጊዜው ካልተቀየረ ተበጥሶ ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል። ሌላው በካቴና ስለሚሠራ እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለውም። ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ የራሱን ዘይት እንጂ ተራውን የካምቢዮ ዘይት አይቀበልም። ይህን ሁሉ የሚለየው ወረቀቱ ነው።

ስለ ፍሬን ዘይት ትንሽ እንቆይ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርደው ጣሊያን የሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት በደረጃው መሠረት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ ውኃ ሲገባበት ግን ይህ ወለል ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሸራው ግሎ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ነው ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚሉት። እኛ ጋ የሚደረገው ግን ሲጎድል መጨመር ነው። ከጎደለው በላይ የሚጨመርበት አሮጌው ዘይት ነው አደገኛው።

የራዲያተር ክዳንም እንዲሁ የሚናቅ ዕቃ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዘመኑ ሞተር የሚሠራው ደግሞ በዚያው ሙቀት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የሚያዘው ግፊትና ትክክለኛው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ቆላ ላይ ችሎ ቢከርም ደጋ ላይ ያጋልጣል።

ታዲያ ፕሮግራሙ ከየት ይገኛል? በመጀመሪያ የክሩስኮቱን ኪስ ይፈትሹ። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ከሆነ በጃፓንኛ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አይጣሉት፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ጽሑፉንም ዛሬ በስልክ ካሜራ መተርጎም ይቻላል። ከሌለ ቶዮታን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች የባለቤት መመሪያን በኢንተርኔት በነፃ ያወጣሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያሻው በደላላው ስም አለመፈለግ ነው። ቪትዝ የምንላት መኪና አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጣለች። ስለዚህ ከሻንሲው ሳህን ላይ የሞዴሉን ኮድና የሞተሩን ዓይነት ጽፎ በዚያ መፈለግ ነው። ሌላው፣ በመመሪያዎቹ ውስጥ ለከባድ አገልግሎት የተለየ ዓምድ አለ፤ አቧራ፣ ዳገት፣ ጭነትና አጭር ምልልስ ላለበት ማለት ነው። በብዙ የቶዮታ መመሪያዎች በተለመደው አገልግሎት 10,000 ኪሎ ሜትር የተሰጠው የሞተር ዘይት በዚህ ዓምድ 5,000 ይሆናል። የስሜን ግርጌ መኪና የትኛው ዓምድ እንደሚመለከተው መቼም አያከራክርም።

የወሩንም ዓምድ ማንበብ ይገባል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱና በጸጥታው ችግር የስሜን ተራሮች ቱሪስት ሲመናመን፣ ለጉብኝት የተገዙ መኪኖች ሥራ ፈትተው ቆመዋል። አልሄደምና ሰርቪስ አያሻውም ማለት ስሕተት ነው፤ ዘይቱም፣ ባትሪውም፣ ጎማውም ቆመው ያረጃሉ። እንዲህ ያለ መኪና ትንሽ ኪሎ ሜትር ተብሎ በጥሩ ዋጋ ሲቀርብልዎት ልብ ይበሉ።

የኤሌክትሪኩ መኪና ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ገበያው በቻይና ሥሪት ተጥለቅልቋል። ከእነዚህ መካከል ፎክስቫገን አይዲ 6ን የመሰሉት ፋብሪካው ለቻይና ገበያ ብቻ ያወጣቸው ናቸው፤ መመሪያቸውም በቻይንኛ ነው። ዘይት የለውምና ሰርቪስ የለውም እየተባለ ይሸጣል። የፍሬን ዘይት የለውምን? የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽስ?

አስመጪዎች ይህ የገዢው ጣጣ ነው ይሉ ይሆናል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ፋብሪካዎች የጥገና መረጃን ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጡ በሕግ አስገድዳለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ሕግ አለው። በእኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሚሊዮን ብር የሚሸጥ መኪና ላይ ሁለት ገጽ የአማርኛ የሰርቪስ ሠንጠረዥ ማከል አስመጪውን ምን ያህል ያከስረዋል? እንዲያውም ቀድሞ የጀመረው ገበያውን ይወስዳል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ያንገበገበው ገዢ ይህን የሚረዳበት ጊዜ ላይ ነን።

እስከዚያው ግን የደባርቅና የዳባት ገዢ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ደብተሩንና የቀድሞውን የሰርቪስ መዝገብ ይጠይቅ። ካልቀረበ የአንድ ሙሉ ሰርቪስ ወጪ፣ ማለትም የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ ቺንጊያ ካለውም ቺንጊያው፣ ከነእጅ ዋጋው ተደምሮ ከመሸጫው ላይ ይቀነስለት። ደላላውም ኮሚሽኑን ከተቀነሰው ላይ ያስላ።