ተጫዋችን ከሜዳ ማሳረፍ የሚገባው መቼ ነው?

በአርሲ ነገሌ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚደረግ የእግር ኳስ ግጥሚያ ለመመልከት የቆመ ሰው አንድ ክርክር ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም። የቡድኑ አምበልና የጨዋታው አቀናባሪ የሆነው የመሐል ተጫዋች ሁለት ጊዜ በተከታታይ ኳስ ለተቃራኒው ወገን ሲያቀብል፣ ከሜዳው ዳር «አስወጡት!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ሌሎች ደግሞ «ባለፈው ዓመት የሻሸመኔን ቡድን ያሸነፍነው በማን ሆነና ነው?» ብለው ይሟገታሉ። በሁለቱ መካከል የሚቆመው አሠልጣኙ መምህር ነው። ታዲያ የማንን ቃል ይስማ?

በእኔ አስተያየት የሁለቱንም መስማት የለበትም። ጩኸቱ የአንድ አፍታ ስሜት ነው፤ ዝናው ደግሞ ያለፈ ዓመት ሥራ ነው። መመዘን የሚገባው ተጫዋቹ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ፣ አሠልጣኙ መቸኮል አይገባውም። አንድ ስሕተት፣ እንዲያውም አንድ መጥፎ ቀን፣ ተጫዋችን ለማስወጣት በቂ ምክንያት አይሆንም። በመጀመሪያው ስሕተት እንደሚወጣ የሚያውቅ ተጫዋች ኳሱን ወደ ፊት ለመላክ አይደፍርም፤ ነቀፋን ሽሽት ወደ ኋላ ብቻ ያቀብላል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋልና ቡድኑ በሙሉ ይፈዛል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ውሳኔ ነው።

ይሁን እንጂ መዘግየትም የራሱ ጉዳት አለው። ተጫዋቹ ሕመሙን ደብቆ የሚያነክስ ከሆነ፣ ወይም ያው ስሕተት በልምምድም በግጥሚያም ለሳምንታት ከተደጋገመና ምክር ካላረመው፣ በሜዳ ማቆየቱ ለእርሱም ለጓደኞቹም አይበጅም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ያን ጊዜ መወሰን ያስፈልጋል። ከዚህ ቀደም ለአሠልጣኝ ይህ ምርጫ ሁልጊዜ አልነበረውም። በዓለም ዋንጫ ውድድር ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ነው። ከዚያ በፊት የተጎዳ ተጫዋች ወይ እያነከሰ ይጫወታል፣ ወይም ወጥቶ ቡድኑን ያጎድላል። ዛሬ ግን ሕጉ በፈቀደው የማይጠቀም አሠልጣኝ ጥፋቱ የራሱ ነው።

የአገራችን የሩጫ ታሪክም ይህን ያስተምረናል። ሩጫ እንደ እግር ኳስ የዐሥራ አንድ ሰው ጨዋታ ባይሆንም፣ ማን ይሰለፍ የሚለው ጥያቄ በዚያም አለ። በሮምና በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲሮጥ፣ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ አቋረጠ። የሁለት ወርቅ ዝና የታመመን እግር ሊያድን አልቻለም። ወርቁን ለኢትዮጵያ ያመጣው አብሮት የተሰለፈው ማሞ ወልዴ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ከተመረጡት አንዱ፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ የቦስተንን ማራቶን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ነበር። ነገር ግን ጉዳት ስለ ደረሰበት ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራትም ነሐሴ 4 ቀን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ፤ የኦሊምፒኩንም ክብረ ወሰን አሻሻለ። ተጠባባቂው እንደ ተሰላፊ ሲዘጋጅ ባይቆይ ኖሮ ይህ ድል አይገኝም ነበር።

«ልጁን ማስወጣት ሞራሉን ይሰብራል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ የሚሰማውን ኀፍረት ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ሞራሉን የሚሰብረው መውጣቱ ሳይሆን የሚወጣበት መንገድ ነው። አሠልጣኙ አስቀድሞ ለብቻው ጠርቶ ምክንያቱን ከነገረው፣ ምን ማሻሻል እንዳለበትና እንዴት እንደሚመለስ ካስረዳው፣ ልጁ ቢያዝንም አይዋረድም። ምንም ሳይነገረው በጩኸት መካከል የወጣ ግን ኳስን ብቻ ሳይሆን መምህሩንም ሊጠላ ይችላል።

በአካባቢያችን በበሬ የሚያርስ ገበሬ በሬው ሲያነክስበት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። እርሻው እስኪያልቅ ብሎ አይነዳውም፤ ዛሬ አነከሰ ብሎም አያርደውም። ቀንበሩን አውርዶ ያሳርፈዋል፤ ሲድን መልሶ ይጠምደዋል።

ስለዚህ አሠልጣኝ ተጫዋቹን ማሳረፍ ያለበት ሜዳ ላይ መቆየቱ ልጁንም ቡድኑንም የሚጎዳ መሆኑን ደጋግሞ አይቶ ሲያረጋግጥ ነው። እናንተም ተማሪዎች፣ ከሜዳው ዳር ቆማችሁ «አስወጡት!» ለማለት አፋችሁን ስትከፍቱ፣ ያ ልጅ ነገ ጠዋት በክፍላችሁ አጠገባችሁ እንደሚቀመጥ አስቡ።