«ኔትወርክ የለም»? የት ጋ?

ባንክ ብትሄዱ «ኔትወርክ የለም»። ወረዳ ብትሄዱም ያው ነው። የት ጋ እንደጠፋ ግን ማንም አይነግራችሁም።

እንጭኒ ላይ ሰርቨር ማስተዳደር የሚማር አንድ ወጣት አለ እንበል። እውነተኛ ሰርቨር ውድ ነው። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ይጭንና በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ይፈጥራል፤ ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ይህ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ማሽኑ ኢንተርኔት እምቢ ይላል። የልጁ የመጀመሪያ ቃል «ቴሌ ነው!»

እስቲ በዋናው ዴስክቶፕ ድረ ገጽ ይክፈት። ከተከፈተ መስመሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የቨርቹዋል ማሽኑን አይፒ አድራሻ ይይ። በ169.254 ከጀመረ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው። 10.0.2.15 ካለ በ«ናት» እየሠራ ነው፦ እሱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሌላ ኮምፒውተር ግን እንዲሁ አያገኘውም። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የናት ጠባይ ነው። «ብሪጅ» ላይ ከሆነ ማሽኑ የራሱን አድራሻ ከራውተሩ ይጠይቃል፤ ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ከስልክ ሆትስፖት ሲመጣ (ያው እንደ አብዛኞቻችን) ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ወደ ናት መመለስ ይበቃል። 8.8.8.8 ለፒንግ እየመለሰ የድረ ገጽ ስም ካልከፈተ ደግሞ ዲኤንኤሱን ይጠርጥር።

«ቴሌ ነው» የሚለው ቃል ግን ከባዶ አልመጣም። የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ቆየ። ያኔ የተበጠሰ ገመድ አልነበረም፣ የተበላሸ ራውተርም አልነበረም። ከላይ ተዘጋ፣ አለቀ። እንዲህ ያለፈበት ሰው ጣቱን ወደ ላይ ቢቀስር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዴስክቶፑን፣ አድራሻውንና ራውተሩን ፈትሾ የጨረሰ ልጅ «ከእኛ አይደለም» ሲል ግምት አይደለም፣ ማስረጃ አለው። ያልፈተሸው የተበላሸውንም የተዘጋውንም «ኔትወርክ የለም» ይላል። ይህ ደግሞ ለሚዘጋው ወገን በጣም ይመቸዋል።

የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች የሚሠራ ማሽን ማስገጠም ብቻ አይበቃቸውም። ሆን ብለው ያበላሹትን ለተማሪው ይስጡትና ጥፋቱ የት ጋ እንደሆነ ይጠይቁት። ጠግኖ ባይጨርስ እንኳ ቦታውን በትክክል ካሳየ ነጥብ ይያዝለት።