የንብ አውራ በምግብ እንደምትሠራ

ማር ከገበታችን፥ ጠጅም ከብርሌያችን የማይታጣ ስለ ሆነ፥ ስለ ንብ ፈጽሞ ያልሰማ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን አውራዋ ከወዴት ትገኛለች ብለን ብንጠይቅ፥ ብዙ ሰው በዘሯ ከሌሎቹ ተለይታ የምትወለድ ይመስለዋል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ የፈለግነው፥ አውራን ከሠራተኛይቱ የሚለያት ዘር ሳይሆን ምግብ መሆኑን ነው።

አስቀድመን ስለ ስሟ ጥቂት እንበል። አባቶቻችን አውራ ሲሉ እንደ ወንድ ቈጥረው ነው፤ የጥንት ግሪኮችም ንጉሥ ይሏት ነበር። እውነቱ ግን ሴት መሆንዋ ነው፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ድንጉሎች ብቻ ናቸው። ስሙ በልማድ የጸና ስለ ሆነ እኛም አልለወጥነውም።

አውራና ሠራተኛ ከአንድ ዓይነት እንቁላል እንደሚወጡ በ18ኛው መቶ ዓመት በሳክሶኒያ የነበረ አዳም ጎትሎብ ሺራኽ የሚባል ቄስ ገለጠ። አውራ ለሌላቸው ንቦች የሠራተኛ እጭ ያለበትን እንጀራ ቢሰጣቸው ከዚያው አውራ አሳደጉ። የዤኔቩ ፍራንሷ ሁበርም በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1792 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አጸና። ሁበር ዐይነ ስውር ሲሆን በአገልጋዩ በቡርነንስ ዐይን እየተመለከተ ይህን ያህል ምርመራ መፈጸሙ፥ ከንቦቹ ሥራ የማያንስ አስደናቂ ነገር ነው።

እንቁላሉ በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ሞግዚቶቹ ንቦች በራሳቸው ውስጥ ካለው ዕጢ የሚያፈልቁትን ወተት የመሰለ ምግብ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለእጮቹ ሁሉ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛነት የታሰበችው ማርና የአበባ ዱቄት የተቀላቀለበትን ምግብ በልክ ትቀበላለች፤ ለአውራነት የታሰበችው ግን በሰፊ ጎጆ ተቀምጣ እስክትዋኝበት ድረስ ያው ነጭ ምግብ ይፈስላታል።

ምግቡ በሰውነቷ ላይ የሚሠራው በሆርሞን አማካይነት ነው። ሆርሞን ማለት ዕጢዎች በጥቂቱ እያመነጩ በደም የሚልኩት፥ ለአካል ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርስ ቅመም ነው። ከእጯ አንጎል በስተኋላ ሁለት ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፤ ምግብ ሲትረፈረፍ የለጋነት ሆርሞን የሚባለውን አብዝተው ያፈስሳሉ። ይህም የእንቁላል ቱቦዎቿ እንዳይጠፉ ይጠብቃል። በሠራተኛይቱ ግን ሆርሞኑ ስለሚያንስ፥ ተጀምረው ከነበሩት ብዙ ቱቦዎች አብዛኞቹ ሟምተው ጥቂቶች ብቻ ይቀራሉ። ሊቃውንት ይህን ሆርሞን ለሠራተኛ እጭ ቢቀቡላት የአውራን መልክ እየያዘች አደገች። በኤውሮጳ ንብ እንደ ተቈጠረው አውራ በ16 ቀን፥ ሠራተኛ በ21 ቀን ከጎጆዋ ትወጣለች፤ ይህችኛዋ በሥራ ወራት ስድስት ሳምንት ያህል ስትኖር ያችኛዋ ዓመታት ትኖራለች።

በ2008 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ደግሞ በአውስትራልያ፥ በካንቤራ ከተማ ያሉ መርማሪዎች በዘር ላይ ምልክት የሚያኖረውን አንድ ኤንዛይም በእጮች ውስጥ አሳነሱ፤ ካልተነኩት አብዛኞቹ ሠራተኞች ሲሆኑ፥ ከተነኩት ከመቶው 72ቱ አውራ ሆኑ። ነጩን ምግብ በጠርሙስ አድርገው ሰውን ያለመልማል እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎችም አሉ፤ ለንብ እጭ የሠራው ለሰው ይሠራል ማለት ግን በማስረጃ የጸና ስላልሆነ፥ ገንዘብን ለዚህ ማውጣት አንመክርም።

ቀፎ ያላቸው አንባቢዎቻችን ግን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። አውራ ስትሞት ንቦቹ ሌላ አውራ አድርገው ሊያሳድጉ የሚችሉት ሦስት ቀን ያላለፈውን እጭ ነው፤ እንግዲህ ሟቿ የመጨረሻውን እንቁላል ከጣለችበት ጀምሮ ያላቸው ጊዜ ስድስት ቀን ያህል ብቻ ነው። ማር ቈራጩ በሌሊት በጭስ ገብቶ ማሩን እጭ ካለበት እንጀራ ጋራ ቢጠርግና በዚያው አውራይቱን ቢደፈጥጣት፥ ለቀሩት ንቦች አውራ የሚያሳድጉበት አንዳች አይቀርላቸውም። ሠራተኞቹ እንቁላል መጣል ቢጀምሩም ወንድ ካልደረሰባት የሚወጣው ድንጉላ ነው፤ ቀፎውም ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቈራጩን ሳይልኩት በፊት፥ በሰም የተከደነውን ማር ብቻ እንዲቈርጥ፥ እጭ ያለበትንም እንዳይነካ አጥብቆ ማዘዝ ይገባል። በእንጀራው ጠርዝ እንደ ለውዝ ቅርፊት ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚታየው ጎጆ የአውራ ማደጊያ ነውና፥ እርሱን አስቀድሞ ያሳዩት።