የቀረ ይቅር

ማኅበር በመመሥረት የሚስተካከለን ያለ አይመስለኝም። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ ጽዋ አለን፣ የአብሮ አደግ ማኅበር አለን፣ የተመራቂዎች ማኅበር አለን። ማኅተሙ ይቀረጻል፣ ቲሸርቱ ይታተማል፣ ሊቀ መንበሩ ይመረጣል። አንዳንዴ ታዲያ ይኼ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ሹልክ ብሎ ይጠፋና ቲሸርቱ ብቻውን ይቀራል። ዛሬ የማነሣው ይኼ ዕጣ የሚያሰጋቸውን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጎህ ሳይቀድ ኮርሳቸውን ይዘው በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ፣ በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ፣ በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወጡትን የአማተር ብስክሌተኞች ክበቦች።

መቼም መኖራቸው ደስ ያሰኛል። ቅዳሜን እስከ አምስት ሰዓት ይተኛ የነበረ የባንክ ሠራተኛ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእንጦጦ አናት ላይ ቆሞ ላቡን ሲጠርግ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙ፣ መካኒኩ፣ መምህሩና ነጋዴው ጎን ለጎን ፔዳል ሲመቱ ማን ምን እንደሆነ አይለይም። (ብስክሌቶቹን ካላያችሁ በስተቀር። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።) እኔም በአቅሜ ስለምወጣ የምናገረው ከውጭ ቆሜ አይደለም።

ጠቤ ከአንዲት አባባል ጋር ነው፤ «የቀረ ይቅር»። መጀመሪያ በቀልድ ነበር የምትባለው። አሁን አሁን ሕግ ሆናለች። «እኛ ከሠላሳ አንወርድም» ይላል አንዱ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለቱ ነው። ታዲያ ያልቻለስ? «ያልቻለማ የቀረ ይቅር!» ሳቅ ይሆናል። በዚህ ሳቅ መሐል አንድ ያልሳቀ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ዘወር ብላችሁ እዩት።

አንዲት ነርስ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ስሟንም የክበቡንም ስም አልጠራም። ለሦስተኛ ጊዜ ወጥታ ነው፤ ለገጣፎን አለፍ እንዳሉ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ከሁሉም ኋላ ስለነበረች ብትጮህም የሰማት የለም። ፓምፕ የላትም፣ ትርፍ ከመነዳሪም የላትም፤ ያዙ ያላትም አልነበረም። ብስክሌቷን እየገፋች ጎሚስታ ፍለጋ ሄደች። መንገድ ላይ ውሻ አባረራት፣ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ የማይባል ነገር አላት፣ ሁለት ጎረምሶች እስከ ጎሚስታው ድረስ «እንግፋልሽ» እያሉ ተከተሏት። ሰዎቹ ሰንዳፋ ደርሰው ሻይ አዘዙ፣ ፍርፍር በሉ፣ በረድፍ ቆመው ፎቶ ተነሡ። አንዱ «ያቺ ልጅ የታለች?» ሲል «ትመጣለች» አሉት። ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኟት። አስተባባሪውን ብትጠይቀው የሰጣት መልስ «እኛ እኮ ሞግዚት አይደለንም» የሚል ነበር። አራተኛ ጊዜ አልወጣችም። ብስክሌቷም ተሸጧል። ያው አስተባባሪ ከወራት በኋላ «ሴቶች ለምን አይመጡም?» ብሎ ስብሰባ ላይ ማዘኑን ሰምቻለሁ። አይ ማዘን!

እስቲ ቡድን ምን ይሠራል ብለን እንጠይቅ። ገጠር ያደገ አንባቢ ወንፈልን ያውቀዋል። ዛሬ የእኔን ማሳ፣ ነገ የአንተን፣ ከነገ ወዲያ የእሱን። በቡድን ብስክሌት መንዳት ቁርጥ ወንፈል ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ጉልበቱን በአብዛኛው የሚጨርሰው ከአየር ጋር ሲገፋፋ ነው። ከፊቱ ሌላ ሰው ኖሮ ጎማውን ተጠግቶ ከሄደ ግን ነፋሱን የፊተኛው ይቀበልለታል፤ ብቻውን ቢሆን ከሚያወጣው ጉልበት ሩቡ፣ አንዳንዴም ሲሶው ይተርፈዋል። ፊተኛው ጥቂት ደቂቃ ነፋሱን ተቀብሎ ሲደክመው ፈቀቅ ይልና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ተራውን ይይዛል። አሥር ሰው እንዲህ ተራ ከተያያዘ አንዳቸውም ብቻቸውን በማይችሉት ፍጥነት አሥሩም ይሄዳሉ። ጥበቡ ይኼው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የዚህ ወንፈል ጠላቱ ደካማው እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበተኛው ነው። ተራው ደርሶ ፊት ሲወጣ፣ ያው ሰው እንዲያየው፣ ሃያ ስምንት የነበረውን ፍጥነት ሠላሳ አራት ያደርገዋል። በምን ጉልበት? ሰው ጀርባ ተጠልሎ በቆጠበው ጉልበት! በጎረቤት በሬ አርሶ «ማሳዬን እዩልኝ» እንደሚል ገበሬ ማለት ነው። ከዚያ የሚሆነውን ከኋላ የሄደ ያውቀዋል። ሰልፉ እንደ አኮርዲዮን ነው። ፊተኛው መታጠፊያ ላይ ትንሽ ሲያቀዘቅዝ ኋለኛው ጭራሽ ፍሬን ይይዛል፤ ፊተኛው ረጋ ብሎ ሲነሣ ኋለኛው ክፍተቱን ለመድፈን ነፍሱ እስክትወጣ ይረግጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ሰው ከፊተኛው በባሰ ደረጃ ሲነሣ ሲወድቅ ነው የሚውለው። በየክበባችን ደግሞ አዲሱና ደካማው ሰው «አንተ ከኋላ ተከተል» የሚባለው እዚያው ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሰቃይበት ቦታ እናስቀምጠዋለን፣ ቀጥለን ተሰቃየ ብለን እንስቅበታለን። ዘዴውን የሚያውቁ ደካማውን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ያስገቡታል፤ ከነፋስም ከመወጠርም ይድናል።

ዳገት ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ ይኼን መካድ አይቻልም። ፍጥነቱ ስለሚወርድ መጠለሉ እምብዛም አይጠቅምም፤ እዚያ ወሳኙ ክብደትና ሳንባ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ እዚያ ለማንም አይራራም። ዳገት ላይ ሁሉም በአቅሙ ይሂድ፣ ይበታተን፤ ነውር የለውም። ነውሩ አናቱ ላይ አለመጠበቅ ነው። አምስት ደቂቃ! ፎቶ ለመነሣት የሚጠፋው ጊዜ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

«ምን አለበት፣ ቀስ ብሎ ብቻውን ይምጣ» ለሚሉ ደግሞ ስለ መንገዱ ላውራ። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመ ሕዝብ መንገዱን አሳምሮ ያውቀዋል። በእርግጥ ከተማ ውስጥ ነገሮች መለወጥ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚለቀቅበት እሑድ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ያላቸው ጎዳናዎች ተሠርተዋል። ነገር ግን መስመሩ ሰንዳፋ ድረስ አይሸኛችሁም። ከከተማው ስትወጡ የሚቀበላችሁ የአስፋልቱ ጠርዝ፣ ጠጠሩ፣ አህያውና ጭነቱ ነው። አሁን የሾፌሩን ዓይን አስቡ። አሥራ አምስት ሰው በደማቅ ማልያ ተሰብስቦ ሲሄድ ከሩቅ ያያል፤ ቢናደድም ያቀዘቅዛል፣ አሳብሮ ያልፋቸዋል። አንዱ ከአምስት መቶ ሜትር በኋላ ለብቻው ቀርቶ ከሆነስ? በተቃራኒው አቅጣጫ የመጣው ሾፌር ቡድኑን ሲያልፍ «አለቀ፣ ተገላገልኩ» ብሎ ነዳጁን ይረግጣል። ሌላ መኪና ለመቅደም ወደ ማዶ ሲወጣ ብቻውን የቀረውን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ብዛት እኮ ጌጥ አይደለም፤ ለብስክሌተኛ መብራቱም ጥሩምባውም እሱ ነው። ክበቡ ያንን ከአንድ ሰው ላይ ገፎ ሲሄድ የወሰደበት ምን እንደሆነ ሊገባው ይገባል።

ጉልበተኞቹም መልስ አላቸው፤ ላፍናቸው አልፈልግም። «በሳምንት አንድ ቀን ነው የምናገኘው፤ ቆመን ስንጠብቅ ሰውነታችን ይቀዘቅዛል፣ ልምምዳችን ይበላሻል» ይላሉ። እውነት አላቸው። ከባድ ልምምድ የፈለገ ሰው ከባድ ልምምድ ይገባዋል። ግን እኮ መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ከዋዜማው «ነገ ሁለት ቡድን አለ፣ አንዱ በሃያ አምስት አንዱ በሠላሳ ሁለት» ብሎ መናገር ነው። የኔ ብጤው ቦታውን ያውቃል፣ ፈጣኑም ይፈጥናል፤ ማንም ማንንም አላታለለም። ማታለል የሚባለው «ኑ፣ ለሁሉም ነው፣ ቀለል ያለች ሽርሽር ናት» ብሎ ጠርቶ ለገጣፎ ላይ ጥሎ መሄድ ነው።

ደግሞ «ስፖርት እንዲህ ነው፤ ፈረንጅ ማንን ይጠብቃል?» የሚሉ አሉ። እነዚህ የብስክሌት ውድድርን በቴሌቪዥን ያዩት የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ብቻ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ዓይነት ውድድር ከአንድ ቡድን አብዛኛው ሰው ሥራው ረዳትነት ነው፤ ነፋስ ይከልላል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመኪናው ውኃ ተሸክሞ ያመጣል፣ የመሪው ጎማ ሲነፍስ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲያስፈልግም የራሱን ጎማ ፈትቶ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማልያ ሲወስድ ብቻውን የሄደ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ለእንጀራቸው የሚወዳደሩ ሰዎች ለጓደኛ ቆመው ጎማ ይሰጣሉ፤ የእኛ ሰው ግን ለሰንዳፋ ፍርፍር ሲል አይቆምም። ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው? ሽልማቱስ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ብስክሌቶቹ እንመለስ። አንዳንዱ የሚነዳው በአንድ ጣት የሚነሣ ካርቦን ነው፤ ዋጋውን ስትሰሙ የቤት መኪና ነው የምትገምቱት። ሌላው ከጓደኛው የተዋሰውን ወይም ተራራ ላይ እንዲሄድ የተሠራ፣ ጎማው የወፈረ ከባድ ብስክሌት ይዞ ይመጣል። ሁለቱ እኩል ጉልበት ቢኖራቸው እንኳ ሁለተኛው ይቀራል። «የቀረ ይቅር» ሲባል እንግዲህ የሚቀረው ማን ነው? ሰነፉ? አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያነሰው ነው። በጉልበት ስም የገንዘብ ወንፊት ዘርግተናል ማለት ነው። እሱን ልጅ ጥሩ ብስክሌት ላይ አስቀምጡትና ማን እንደሚቀር እናያለን።

ይኼ ጉዳይ ከሻይ ቤት ጨዋታ ያለፈ ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው፤ የላከችውም ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ብቻ ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። ብስክሌት እንግዲህ ለእኛ ትናንት የመጣ የሀብታም ልጅ መጫወቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ ኪጋሊ ላይ፣ ሲካሄድ በየካፌው «የእኛዎቹስ?» እያልን ስናጉረመርም ነበር። የእኛዎቹ ከየት ይምጡ? ሩጫ ጫማና ሜዳ ይበቃዋል፤ ብስክሌት ግን ቡድን ይፈልጋል፣ ነፋስ የሚከልል ጀርባ ይፈልጋል፣ ጎማ ሲነፍስ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ያንን አንድ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሊያገኝ የሚችለው እነዚህ የቅዳሜ ክበቦች ዘንድ ነው። እነሱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ጥለውት ከሄዱ ልጁ እግር ኳሱን ይዞ ይቀመጣል፤ እኛም በካፌ ማጉረምረማችንን እንቀጥላለን።

ሥራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። አንድ የመንገዱ አዋቂ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል፣ ድምፁን ያሰማል። አንድ ጠንካራ ሰው ፓምፕና ትርፍ ከመነዳሪ ይዞ መጨረሻ ላይ ይሆናል፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይኖርም። በየዳገቱ አናትና በየመገንጠያው ቆሞ ራስ መቁጠር ነው፤ አሥራ አምስት ወጥተን አሥራ አምስት ደርሰናል ወይ? ይኼንን የትምህርት ቤት ጉዞ የሚመራ መምህር ያለማንም ነጋሪ ያደርገዋል። የኋላውን ቦታ ደግሞ ለአቅመ ቢስ አትስጡት፤ ከሁሉም ጎበዙ ይያዘው። ጉልበቱን ማሳየት ካማረው፣ ጎማ ቀይሮ፣ የደከመውን ሰው ጀርባውን በእጁ ደግፎ፣ ከነፋስ ከልሎ ቡድኑ ላይ ይመልሰው። ያን ጊዜ ስንት እንደሚችል እኛም እናያለን፣ እናጨበጭባለን።

እና ክበብ ለመመዝገብ የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ የማልያውን ቀለምና የመዋጮውን ልክ ከመጠየቃችሁ በፊት አስተባባሪውን «ቅዳሜ ከኋላ የሚሄደው ማን ነው?» በሉት። የሰው ስም ከጠራላችሁ ክፈሉ። ከሣቀ ግን ብሩን ለፓምፕና ለሁለት ከመነዳሪ አድርጉት፤ የሚጠብቃችሁ አንድ ጓደኛ ፈልጋችሁ ለሁለት ውጡ።