ስለ ጨዋታና ስለ ሥራ ሰው ሰዓት

ጨዋታ ለደከመ ሰው ዕረፍት መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን በስልክና በኮምፒዩተር የሚደረገው፥ ተጫዋቹ የተረት ሰው ተመስሎ በሰፊ ዓለም የሚዘዋወርበት የኢንተርኔት ጨዋታ፥ እንደ ገበጣ በአንድ ማታ ተጀምሮ በዚያው ማታ የሚያልቅ አይደለም። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለም የጨዋታው ሰዓት ይቆጥራል።

ሚሆዮ የሚባለው የሻንጋይ ኩባንያ ሠርቶ መስከረም 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ያወጣው ጌንሺን ኢምፓክት ለዚህ ምስክር ነው። ቴይቫት በተባለው አገሩ ሰው እንደ ወደደ ቢዞር የሚከለክለው የለም። ጠላቱን ድል ነሥቶ ዋጋውን ለመቀበል ግን ሬዚን፥ ማለት ሙጫ፥ የሚባል ነገር መክፈል አለበት፤ ይህም በየ8 ደቂቃው አንድ አንድ እየሆነ ይጠራቀማል። ወሰኑ ለብዙ ጊዜ 160 ስለ ነበረ በ21 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሞላ ነበር፤ ከሞላም በኋላ አይጨምርም። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚገባ ሰው በየዕለቱ 20 ሬዚን ይቀርበት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ወሰኑ 200 ቢደረግ መሙያው 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ። ለሥራ ሰው መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጨመረለት አንድ ቀን እንኳ አይደለም።

ብዙዎች «በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል» ብለው ደንብ ያወጣሉ። ደንቡ ያማረ ይመስላል፤ ግማሹን ሰዓት የመረጠው ግን ሰውየው ሳይሆን ጨዋታው ነው። ከቢሮ ደክሞ የገባ አባት ልጁ ትምህርቱን ሲጠይቀው «ቆይ፥ ሬዚኑ ሳይሞላ» ካለ፥ ይህ ዕረፍት መሆኑ ቀርቶ የዕለት ግብር ሆኗል። ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ሙሉ ተጫውቶ እስከ ሌላው ቅዳሜ የሚተወው ሰው ከእርሱ ይሻላል።

«ወደ ኋላ ይቀራል» የሚል ይኖራል። በእርግጥ በየ6 ሳምንቱ ግድም ከሚታደሰው ዝግጅት አንዳንዱ አልፎ ይቀርበታል፤ ይህ አይካድም። ዋናው ታሪክ ግን ሬዚን አይጠይቅም፥ አይጠፋምም። ደግሞም ሠሪዎች ቢወዱ ሌላ ሥርዓት ማቆም ይችላሉ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት፥ ሰውየውን በማደሪያ ቤት አሳርፎ የሄደ ተጫዋች ሲመለስ ከሚገድለው ጠላት እጥፍ የልምድ ነጥብ ያገኛል። እዚያ መቅረት ያስከፍላል ሳይሆን ያስክሳል።

የቻይና መንግሥት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ ከ18 ዓመት በታች ያሉት ዓርብ፥ ቅዳሜ፥ እሑድና በበዓል ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ወስኗል። ለአዋቂው ግን የሚወስንለት የለምና ቀኑን ራሱ ይምረጥ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 200 ሞልቶ የቆመውን ቍጥር ማየት ይከብደዋል፤ ሆኖም ባለፈው ቅዳሜ ትቶት የሄደውን ተራራ በዚያው ቦታ ቆሞ ያገኘዋል።